የሐጂ ጀልባ ሦስት ዙር

አጎቴ ጀልባ የገዙት፣ መዋኘት ቀርቶ ወንዝ እንኳ የሰው ክንድ ሳይዙ የማይሻገሩ ሰው ሆነው ነው። ወረታ ላይ የአቡጀዲና የጨው ሱቅ ነበራቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ እስላሙም ክርስቲያኑም «ሐጂ» ይላቸዋል። በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው፤ አንድ ፈረንጅ ከባሕር ዳር ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ጀልባውን እንደሚሸጥ ሰሙና ሄደው ገዙ። ሸራ ያላት፣ ሆዷ ውስጥ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር የተቀበረባት ትንሽ ጀልባ ናት። ከፎገራ ቅቤና ሽምብራ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጨውና ቆርቆሮ ወደ ፎገራ ሊያመላልሱ አስበዋል።

እኔ ያኔ ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ጎንደር በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። አስጠርተውኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምትነዳት አንተ ነህ» አሉኝ።

«አጎቴ፣ እኔ ውሃ አላውቅም።»

«ውሃውን ማን እወቅ አለህ? ሞተር ታውቃለህ፤ ይበቃል።»

ወደ ፊት ስትሄድ እውነትም ይበቃ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ፣ መሪውን ይዤ፣ ሸራው ሲነፋ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዳር ስንነሳ ነው። ርብ ወንዝ ጣና ሊገባ ሲል ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ቦታ አለ፤ የምንጭነው እዚያ ነው። አፍንጫዋን ጭቃው ላይ ሰክተን እንጭናለን፤ ከዚያ ወደ ኋላ መውጣት አለብን። በሸራ አይሆንም፤ ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ስለሚመጣ የባሰ ወደ ጭቃው ይገፋናል። የቀረን የኋላ ማርሽ ብቻ ነው።

መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ቂጡ መሪህን ይሰማል። ይቺ ግን አትሰማም። የኋላ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ከስሯ የሚሽከረከረው ብረት ውሃውን እየቧጠጠ ቂጧን ወደ ግራ ይጎትተዋል። መሪውን ወደ ቀኝ ብጠመዝዝ ወደ ግራ፤ ወደ ግራ ብጠመዝዝም ወደ ግራ። ነዳጅ ስጨምር በፍጥነት ወደ ግራ። ሽምብራ ጭነን በወጣንባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየዞርኩ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ገብቼ፣ ሰው በእንጨት እየገፋ ነው ያወጣኝ። አጎቴ ዳር ላይ ቆመው፣ «ለምን ቀጥ አትልም?» ይሉኛል፤ እኔን ይሁን ጀልባዋን አይታወቅም።

ነገሩ የከፋው የአካባቢው ደብር አለቃ ወደ አንዲቱ ደሴት ለንግሥ ሊሄዱ አጎቴን ጀልባ በለመኑ ጊዜ ነው። አጎቴ ደስ አላቸው። አለቃው ጥላ አስይዘው፣ ዲያቆናቱ ከበሮና ጽናጽል ይዘው ገቡ። የመንደሩ ሰው ሊሸኝ ዳሩን ሞልቶታል። አጎቴም ለክብሩ አብረው ተሳፈሩ፤ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው።

የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ጀልባዋ ከጭቃው ተላቀቀችና እንደ ልማዷ ቂጧን ወደ ግራ ጣለች። መሪውን ታገልኩት፤ አልሆነም። ሙሉ ዙር ዞራ ተመልሳ ከሰዉ ፊት ስትደርስ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«ምንድን ነው?» አሉ አለቃው።

«እየወጣን ነው አባ» አልኩ።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ዳር ካሉት አንዲት ባልቴት እልልታቸውን አቀለጡት። ሌሎቹ ተከተሉ። አንዱ ዲያቆን ግራ ገብቶት ይሁን ደስ ብሎት ከበሮውን መታ፤ ጓደኞቹ ዝማሬ ጀመሩ። ታቦት ቤተ ክርስቲያን ሲዞር እንደሚሆነው ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ላቤ እየወረደ መሪውን እጠመዝዛለሁ፤ ሸራው ከላዬ ይንደፋደፋል፤ አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርአን ይቀራሉ።

ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ አፍንጫዋ ወደ ሐይቁ ዞረ። አለቃው ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «ሦስት ሞልቷል። በል አሁን ወደ ፊት» አሉኝ። የፊት ማርሽ አስገባሁና በእልልታ ወጣን።

በሳምንቱ ቅቤ ስንጭን የጭነቱ ባለቤት፣ የወረታ እስላም ነጋዴ፣ ካጠገቤ ተቀመጠና ዞረን ስንወጣ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። አንዴ ብቻ ዞሬ ቀናኝና ወደ ፊት ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ሁለት ይቀራል።»

«የምን ሁለት?»

«አለቃውን ሦስት ጊዜ አዙረህ የእኔን ቅቤ በአንድ ታልፈዋለህ? ቅቤው ምን አደረገህ?»

አዞርኩለት። ከዚያ በኋላ ሰው ያለ ሦስት ዙር አልሄድም አለ። ወይፈን ይዞ የሚሳፈረው ሳይቀር ይቆጥራል። አንዲት ሴት ሁለተኛው ዙር ላይ ደርሳ ከዳር ዘላ ገባችና፣ «ለእኔ ገና አንድ ነው» ብላ ሌላ ዙር አስጨመረችን።

አለቃው ይህን ሲሰሙ ሱቅ ድረስ መጡ።

«ሐጂ፣ ሰዉ የጀልባዎን መዞር ሥርዓት አድርጎታል። ይህ ከእኛ አይደለም።»

«ከእኛም አይደለም አለቃ» አሉ አጎቴ። «ከሞተሩ ነው።»

አለቃው ሳቁ። አጎቴም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ በማግስቱ የማዞረው እኔ ነኝ።

የቀጥታው መንገድ የተገለጠልኝ በብልሽት ነው። አንድ ቀን ብቻዬን ልለማመድ ወጥቼ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ግን በያዘችው ጉልበት ወደ ኋላ መንሸራተቷን ቀጠለች። ሳላስበው መሪውን ነካ ሳደርገው ታዘዘች! ቂጧ ልክ እኔ ወዳልኩት ሄደ። ለካ የሚጎትታት የሚሽከረከረው ብረት ነው፤ እሱ ዝም ሲል መሪው ይሰማል። ሞተሩን አስነስቼ ደጋግሜ ሞከርኩ። አጭር የኋላ ግፊት እሰጣትና ማርሹን ነጻ አደርገዋለሁ፤ ስትንሸራተት በመሪው አቀናታለሁ። ቂጧ በጣም ወደ ግራ ከሸሸ መሪውን አዙሬ ለአፍታ ወደ ፊት እገፋታለሁ፤ ትስተካከላለች። እስኪመሽ ስሠራ ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

በማግስቱ የቅቤ ነጋዴውን ጨምሮ ጀልባዋ ሞልታ፣ እንደ ክር ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ ወጣሁ። አጨብጭቡልኝ ብዬ ዞር ስል ሰዉ ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል።

«መልሰን» አለ ነጋዴው።

«ቀጥ ብዬ እኮ ነው የወጣሁት!»

«አየሁ። መልሰን። ሳይዞር የወጣ ጀልባ ላይ ቅቤዬን አልጭንም።»

ሌሎቹም ተነሱ፤ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለች። አጎቴ ከዳር ሆነው፣ «ልጄ፣ አዙርላቸው!» ብለው ጮኹ። ቀጥ ብሎ መሄድ የቻለውን እጄን ይዤ፣ አውቄ፣ ሦስት ጊዜ አዞርኩ። ሳያውቁ መዞር ይሻላል፤ አውቆ መዞር ያቅለሸልሻል። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብዬ የምወጣው ሰው በሌለበት ብቻ ነበር፤ ባዶ ጀልባ ይዤ፣ ለራሴ።

ሥራው እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ሄደ። በአንዱ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ሲያጥለቀልቀው ጀልባዋ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ውሃው ሲሸሽ ከወንዙ ብዙ ርቃ በከብት መዋያ መሐል ጎኗ ተሰንጥቆ ተገኘች። ላሞች ከበው ያሸቷታል። አጎቴ ዙሪያዋን ሄደው አዩና፣ የጠበቅሁትን ያህል አላዘኑም።

«ሞተሩ ደህና ነው?» አሉኝ።

ደህና ነበር። ፈታነውና በበሬ አስጎትተን ወረታ አመጣነው፤ ከሱቁ ጀርባ ወፍጮ አደረግነው። ወፍጮውን የማስነሳው እኔ ሆንኩ። የአለቃው ቤት እህልም እኛ ዘንድ ይፈጭ ነበር። አጎቴ ከሰዓት ከሰዓት በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ዱቄት እየተነሰነሰባቸው ይቀመጣሉ፤ በጩኸቱ መሐል የሚሉኝን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።