ይኼ እንኳ አይለሰንም

ሊቨርፑልን እስከዚያ ድረስ የማውቃት በኳስ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2020፣ በወረርሽኙ ሳህን የማጥብበት ካዚኖ ተዘግቶ ቤት ስቀር፣ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት በኦንላይን ጀመርኩ። ካዚኖው ሲከፈት አለቃዬ ደውሎ "ሺፍትህ ይጠብቅሃል" አለኝ። አልመጣም አልኩት። ባለቤቴ "አብደሃል እንዴ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። አላበድኩም። ግን ትምህርቱን ከወደቅኩ ተመልሼ ሳህን አጣቢ መሆኔ ነው፤ ያውም ቦታው ካልተያዘ።

የመጨረሻው ሥራ ከፎቶ ላይ አንድ የሊቨርፑል ቤት መሳል ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ ጠባብና ረጅም፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ የጡብ ቤት ነው፤ እሱ የረድፉ መጨረሻ ላይ ነው። መስኮቶቹ ሳሎኑ ያለበት ፎቅ ላይ ይረዝማሉ፣ ሠራተኞች የሚያድሩበት ጣሪያው ሥር ሲደርሱ ያጥራሉ። ሁሉንም ለክቼ ሳልኩ። ጡቡን ግን ሥዕሉ ላይ ለሰንኩት!

ምን ላድርግ፣ አዲስ አበባ አሥራ ሰባት ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። እኛ እንገነባለን፣ ለሳኙ መጥቶ ይሸፍነዋል፤ ጡቡ የሚታይ ቤት ያላለቀ ቤት ነው። እዚህ ባሕር ማዶ በምንኖርበት የበረሃ ከተማ፣ ሰፈራችን ሰዘርን ሃይላንድስም ያልተለሰነ ግድግዳ አላየሁም። እንግሊዞቹ ገንዘብ አጥሯቸው ሳይለስኑ የተዉት መሰለኝና አዘንኩላቸው።

መምህሯ በዙም፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ "ጡቡ የት ሄደ? የቤቱ ውበት እኮ እሱ ነው። ለመሆኑ ጡብ ቀርበህ አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እኔን? ግንበኛ እንደነበርኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬበት ነበር። እያንዳንዱን ጡብ ስዬ እንዳመጣ አንድ ሳምንት ሰጠችኝ።

የቤቱ ጡብ አደራደር ከለመድኩት ሌላ ነው። አንዱ ጡብ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ፊቱ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ የላይኛው ረድፍ ደግሞ አጭሩን በረጅሙ መሃል ላይ ያሳርፋል። እኛ ጋ ሁሉንም በረጅም ጎኑ ነበር የምናስተኛው፣ ለማይታይ ነገር ማን ይጨነቃል? ማዕዘኑ ላይ ስደርስ አልገጥም አለኝ። ፎቶው ላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ ማውረጃ ቧንቧ ማዕዘኑን ሸፍኖታል። አራት ወረቀት ቀደድኩ።

እዚህ የተወለደችው ልጄ "አባ፣ ጀስት ጌስ አድርገው። ማንም አያይም" አለች።

"እኔ አያለሁ!" ብዬ ጮህኩባት።

እልህ ያዘኝ። ስድሳ ጡብና ሲሚንቶ ገዝቼ ጋራዡ ውስጥ ዘረገፍኩት። ባለቤቴ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ መኪናዋን ውጪ ፓርክ አድርጋ "ፀሐይ ላይ ትቀቀል በላ!" አለች። ረድፉ ቀጥ እንዲል የስፓጎ ክር ወጠርኩ፣ ውሃ ልክ ያዝኩ። ጋራዡ ምድጃ ነው፣ ላቤ ጡቡ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ቀን ገነባሁ፣ አፈረስኩ። በሦስተኛው አንዱን ጡብ በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቀጥሎ ሻጥ አደረግኩት። ረድፉ ልክክ አለ! ሰፈሩ እስኪሰማ "ገባ!" አልኩ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሊቨርፑሉን ግንበኛ የእጅ ሥራ አላፊ አግዳሚው ሁለት መቶ ዓመት ሲያየው ኖሯል። የእኔን አሥራ ሰባት ዓመት ማን አየው? ቀናሁበት።

ሥዕሉን ሳቀርብ መምህሯ ስክሪኑ ላይ ተጠግታ ማዕዘኑን ቼክ አደረገች። "ይኼ በፎቶው አይታይም። በምን አወቅህ?"

ላፕቶፑን ተሸክሜ ጋራዥ ገባሁና ግድግዳውን አሳየኋት። "ግንበኛ ነኝ" አልኩ። እዚህ አገር ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። መምህሯ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ትምህርቱንም አለፍኩ።

በማግስቱ ባለቤቴ ቁልፏን ይዛ መጣች። "አለፍክ አይደል? አፍርሰውና መኪናዬ ትግባ።"

"አላፈርስም።"

"እሺ፣ ቢያንስ ለስነዋ! ያላለቀ ይመስላል።"

እጄን ጡቡ ላይ ጫንኩ። "ተይው" አልኳት፣ "ይኼ አንዱ እንኳ ይታይልኝ።"