ፋሺስት አይባልም ያልኩ ዕለት

አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌን በክርክር ረትቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክርክር ማሸነፍ ደስ አይለኝም።

ከሰመራ ወደ አዋሽ እየሄድን ነበር። ሾፌሩ ስለ ወታደሮቹ ዘመን ሲያወራ ሊቀመንበሩን "ያ ፋሺስት" አለው። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

"ፋሺስት እንኳን አይባልም። ፋሺስቶቹ ጣሊያኖች ናቸው፤ እሱ ሶሻሊስት ነኝ ባይ ነበር። ትክክለኛው ቃል አምባገነን ነው" አልኩ።

"ቲቸር፣ ጣሊያንማ ካሚዮን ሠርቶልናል። እሱ ምን ሠራልን?" አለ ከኋላ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሾፌር። ሁሉም ሳቀ።

ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። "ወንድሜን ገድሎብኛል። ታዲያ ፋሺስት ብዬ ብጠራው ስህተት ነው?" አሉኝ።

"ያሳዝናል አባባ፤ ቢሆንም ስህተት ነው" ብዬ እስከ አዳይቱ ድረስ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ "እሺ ልጄ፣ የተማረ ያውቃል" አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

አዋሽ ስንደርስ የሚኒባሱ ሾፌር ከጣራው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ አወረደላቸው። ተሰብሮ እንደሆነ ብለው ሲገልጡት የመቃብር ድንጋይ ነው። "በፋሺስቱ መንግሥት የተገደለው ወንድሜ እዚህ ዐርፏል" ይላል። ጽሑፉ ድንጋዩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶታል።

ሽማግሌው ጣታቸውን "ፋሺስቱ" የሚለው ቃል ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ አምባገነኑን የት ላስገባው?"

ነጠላዬን ተከናንቤ ሸሸሁ። እሳቸውን ዳግም አላገኘኋቸውም፤ እባካችሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።