ለክፉ ቀን የተቀመጠው

ጡረታ ከወጣች ወዲህም ነጭ ጋውኗን አልጣለችም። ግቢ ስትጠርግ ትለብሰዋለች፣ ሽንኩርት ስትልጥ ትለብሰዋለች፣ ጎረቤት ስትሄድም አንዳንዴ ረስታ ትለብሰዋለች። ልጆቿ ያፍራሉ። «እማዬ፣ ማስታወሻ እኮ ነው፤ አጣጥፈሽ አስቀምጪው» ይሏታል። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ጋውኑ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፣ አንገትጌው ተበልቷል። ኪሱ ብቻ እንዳለ ነው። ኪስ ሲባል ደግሞ ተራ ኪስ አይምሰላችሁ፤ ዳቦ ከነመጠቅለያው የሚውጥ ጓዳ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ በአባቷ ስም የሚያውቃት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ባለኪሷ ነበረች።

ስሙን ያወጣላት ልብስ ሰፊው ነው። ያኔ ገና ከነርስ ትምህርት ቤት የወጣች፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ጋውኗን ልታሰፋ ከሆስፒታሉ ማዶ ያለችው ጠባብ ሱቅ ገባች። ሰውየው መርፌ በከንፈሩ ይዞ እንኳ አፉ የማያርፍ፣ ጥርስ የማያስከድን ሰው ነበር። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘርግቶ ሲለካት፣ ኪሱን ሰፋ ቢያደርግላት እንደምትወድ እየፈራች ነገረችው። ምን ልትሰርቂበት ነው አላት። ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ፣ አንተ ሰውዬ ዝም በል፣ የሰው ልጅ አታሳፍር ብላ ተቆጣችው። ይህ «ዝም በል» ሱቋ ውስጥ እንደ ስፌት መኪናው ድምፅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ሰሚ ግን አልነበረውም። ጋውኑን ስትወስድ ኪሱ ካሰበችው እጥፍ ሆኖ አገኘችው። ሰውየው «በይ ባለኪሷ፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ሸኛት፤ ስሙም በዚያው ጸናባት። ከዚያ በኋላ ያሰፋቻቸው ጋውኖች ሁሉ፣ ሳትናገር፣ ያው ኪስ ነበራቸው።

የካንሰር ሕሙማን ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት። የመስኮቷ አንዱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቶ ስለነበር በአሮጌ የራጅ ፊልም ተሸፍኗል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጎድን አጥንት ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር። አስታማሚዎች አልጋ ስር ይተኛሉ። ሐኪሙ አንድ ነው፤ እሱም ከሌላ ክፍል ተርፎ የሚመጣ። እዚያ መመደብ እንደ ቅጣት ይታይ ስለነበር፣ ባለኪሷ በራሷ አፍ ጠይቃ ስትገባ ሰው ሁሉ ምን ነካት አለ። የነካትን እሷ ታውቀዋለች። እናቷ ያረፈችው እዚያው ክፍል ነው፤ ለራስ ምታት ከሚዋጠው ክኒን ሌላ ማስታገሻ ባልነበረበት ዘመን፣ ጥርሷን ነክሳ።

በኋላ ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ ማስታገሻ መጣ። ፋርማሲስቱ ዱቄቱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያሟሟና ማንም ውሃ መስሎት እንዳይጠጣው አረንጓዴ ቀለም ጠብ ያደርግበታል። ቤተሰብ ጠርሙሱን አጥቦ፣ ቀቅሎ ይዞ ይመጣል። «አያድንም፤ ያሳርፋል» ትላቸው ነበር ባለኪሷ፣ አንድም ቀን ሳትሸነግል። ሳምንት ሙሉ ያልተኛ ሰው ሲተኛ፣ ያልበላው ሲበላ አየች። አንዱ ሽማግሌ ትንሽ ሻል እንዳለው የጎኑን አልጋ ሰውዬ በሬዲዮ ድምፅ ምክንያት ተጣላው፤ እሷ ደስታዋን አልቻለችም። ሰው መጣላት ከጀመረ አለ ማለት ነው ትል ነበር። ዛሬም ያንን ክፍል ስታስብ መጀመሪያ የሚመጣባት ለቅሶው ሳይሆን ያ ጭቅጭቅ ነው፤ ይናፍቃታልም።

አንድ ዓመት ታዲያ ልብስ ሰፊውን በወንበር እየገፉ አመጡት። በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ፊቱ የሰው ባይመስልም ዓይኑን ወደ ኪሷ አዙሮ፣ እስካሁን አልሞላም እንዴ አላት። ሐኪሙ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ስላልነበረ፣ አልጋውም ወረፋ ስለነበረበት፣ አረንጓዴውን ጠርሙስ አስይዘው ወደ ቤቱ ሸኙት። ባለኪሷ ለሚስቱ ደጋግማ አስረዳቻት፦ በየአራት ሰዓቱ ይሰጥ፤ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅ፤ ሲያልቅ ተመልሳ ታስሞላ። ሚስትየው አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች።

ባለኪሷ ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ታየው ጀመር። ሰውየውን በሄደች ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ታገኘዋለች። አይናገርም። ሰላም ስትለው እንኳ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ለሐኪሙ ነገረችው፤ መጠኑ ከፍ ተደረገ፤ ለውጥ የለም። መድኃኒቱ እምቢ ያለው ሰው አጋጥሟት ያውቃል፤ እንዲህ ጭራሽ ጠብ ያላለለት ግን አላየችም። ሚስትየው በር ድረስ እየሸኘቻት እንዲህ አለቻት፦

«በሽታውን ፈጣሪ ያመጣው ነው፣ እችለዋለሁ። ዝምታውን ነው ያልቻልኩት፣ ልጄ። ዕድሜ ልኬን ዝም በል ስለው ኖሬ፣ አሁን አንድ ቃል ቢያወጣ ብዬ አፍ አፉን አያለሁ።»

ባለኪሷ ያን ቀን ወደ ቤቷ ሄደች። በቃ፣ ያ አፍ ሳይከፈት ሊሄድ ነው ማለት ነው አለች።

በሚቀጥለው ጉብኝቷ ሚስትየው ሻይ ካልጠጣሽ አትሄጂም ብላ ያዘቻት። የእንግዳ ብርጭቆ ልታወጣ ቡፌውን ከፈተች። ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አረንጓዴ ነገር ታየ። ባለኪሷ ተነስታ ቀረበች። ጠርሙሶች ነበሩ፤ አንዳንዱ እስከ አንገቱ የሞላ፣ አንዳንዱ ጎደል ያለ፣ ሁሉም ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ። ሚስትየው ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

«ለክፉ ቀን ነው» አለች ቀስ ብላ። «በቀደም ጊዜ መድኃኒቱ አልቋል አላላችሁም? ያው በሽታ የያዘው የጎረቤታችን ጩኸት እስከዚህ ይሰማ ነበር። እሱ እንደዚያ እንዳይሆንብኝ፣ ትንሽ ትንሽ እያቀመስኩ የቀረውን አስቀመጥኩለት።»

ባለኪሷ ተናደደች። ሰውየውን ያሰቃየው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ ቡፌውም ነበር። ግን ዓይኗ እዚያው ቡፌ ውስጥ ቀረ። ለእንግዳ የሚወጣው ስኳር አለ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ አንሶላ አለ፣ ያልተነኩ ማንኪያዎች አሉ። ይህን ቤት ታውቀዋለች። ያደገችበትም ቤት እንዲሁ ነበር። ቁጣዋን ውጣ ተቀመጠች።

«እናቴ አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ነበራት» አለች። «ለእንግዳ ነው እያለች ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ታማ በብርድ ስትንቀጠቀጥ እንኳ አውጡት አላለችም። መጨረሻ ላይ ያለበስነው ሬሳዋን ነው።»

ሚስትየው ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ከዚያ፣ «ነገ ቢያልቅስ?» አለቻት።

መዋሸት ቀላል ነበር። ባለኪሷ ግን የፋርማሲውን ባዶ መደርደሪያ በዓይኗ ያየች ናት።

«ሊያልቅ ይችላል። እንዳያልቅ የምችለውን አደርጋለሁ፤ ካለቀም መጥቼ የምነግርዎት እኔ ነኝ። ግን እማማ፣ ክፉው ቀን እኮ ይሄው ነው። ከዚህ የባሰ ምን ይጠብቃሉ?»

ሚስትየው ወደ ግድግዳው የዞረውን ጀርባ አየች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ማንኪያ አነሳች።

ባለኪሷ ሐኪሙን አማክራ መጠኑን ከዝቅተኛው አስጀመረችው፤ የታዘዘለት ሙሉ መጠን ሰውነቱ ገብቶ አያውቅምና። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጊዜ ያለፈባቸውን ጠርሙሶች ለፋርማሲስቱ ልትመልስ መጥታ አንድ በአንድ ኪሷ ውስጥ ትከት ጀመር። ሁሉም ገቡ። ኪሱ ከተሰፋ ጀምሮ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ይሄኔ ከአልጋው በኩል የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አላልኩም? ይኸው ስትሰርቅ ያዝናት።»

ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ነበር። ሚስትየው ከልማዷ «አንተ ሰውዬ ዝም በል» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ስቀውም አልቅሰውም አልጠገቡ።

መድኃኒቱ አላዳነውም፤ አያድንም ተብሏል። ግን ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ፣ ሾርባ ጠጣ፣ ጠያቂውን ሁሉ በየተራ ሰደበ። የስፌት መኪናውን አልጋው አጠገብ አስቀርቦ፣ ፔዳሉን ሚስቱ እየረገጠችለት፣ እሱ ጨርቁን በእጁ እየመራ፣ የመጨረሻ ጋውን ሰፋ። ስፌቱ እዚህም እዚያም ጠመም ብሏል። ባለኪሷ ዛሬ ግቢ የምትጠርግበት ይሄው ጋውን ነው።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ ሚስትየው ጥቁሯን ለብሳ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ መጣች። ታጥባ የደረቀች ጠርሙስ ይዛለች። ለሌላ ሰው ትሆናለች ብላ ሰጠቻት።

«አንዲት ጠብታ አላስተረፍኩም፣ ልጄ» አለች። «እስከ መጨረሻው ሲያወራ ነበር። ዝም በል አላልኩትም።»

ባለኪሷ ጠርሙሷን ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።