የማይጠጣው ቫምፓየር

ደብረ ታቦር ውስጥ የቫምፓየር ካርታ የሚጫወት ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ዲያቆን ነው። በጨዋታው ደንብ፣ ተራው ደርሶ ደም ያልጠጣ ቫምፓየር ይሞታል።

ከገና ወዲህ ካርታ ስመርጥ፣ ስጥልና ስቀያይር ከርሜ በመጨረሻ እሱን የሚረታ ስብስብ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ገና ስንጀምር ካርታውን አስቀመጠ።

«ጾም ነው። የኔ ቫምፓየር ደም አይቀምስም።»

«እሺ፣ ይሞታላ።»

«በጾም የሞተ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አይጠጣም፣ አይሞትም። ደንቡን አውጥቼ ባነብለት «እሱን የጻፉት ፈረንጆች ናቸው» አለኝ። ሌላ ተጫዋች ከየት አመጣለሁ? ተስፋ ቆርጬ ጓዳ ወዳሉት አባቱ፣ ወደ መሪጌታ፣ ከነካርታችን ጎትቼ ወሰድኩት። ክርክራችንን በትዕግሥት ሰሙና ካርታውን ብርሃን ላይ አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ፍጡር ተጠምቋል?»

«ኧረ አልተጠመቀም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ጾም አለበት? ይጠጣ።»

ነፍሴ መለስ አለች። ካርታውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ግን የእኔንም የልጃቸውንም ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«አጠጪዎቹ እናንተ ግን ተጠምቃችኋል። ፋሲካ ሲውል መጥታችሁ ውሰዱ።»

ዕለቱ ሁዳዴ በገባ ማግስት ነበር።