ደም ነው የተባለው

ጌታዬ ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ የሰማሁት በሾላው ጥላ ሥር፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው። አዳማ ላይ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የእህል መጋዘን ነበራቸው። ጾም የማይገድፉ፣ ጓዳ ያለችውን ገረድ ግን የማያልፉ ታላቅ ክርስቲያን ነበሩ። ገረዷ እኔ ነኝ።

«አምላክ ነፍስን የሚያሳድረው በተፀነሰ ዕለት ነው» አሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። ድምፃቸው እንኳ ተንቀጠቀጠ። እንዴት ያለ ችሎታ ነው! አምና ከእሳቸው ማርገዜን ስነግራቸው መራራ ሥር አስቀቅለው በዋንጫ የሰጡኝ እኚሁ ጌታዬ ነበሩ። ባንገራግር ጊዜ «ሞኝ አትሁኚ፣ ገና ደም ነው» አሉኝ። ጠጣሁ። ሞቼ ተነሣሁ። ከመደቤ በወጣሁ ዕለት እህሉ ሳይበጠር ከረመ ብለው ተቆጡኝ።

ሽማግሌ የተቀመጠው በእመቤቴ ምክንያት ነው። እሳቸውም ነፍሰ ጡር ነበሩ። በገበያ ቀን በጣቢያው በር ሲያልፉ ባቡሩ ጮኸ፤ ከአርሲ እህል ጭኖ የመጣ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ደንብራ ገፍትራ መሬት ላይ ጣለቻቸው። የዚያኑ ዕለት አስወረዳቸው። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ጌታዬ አልቅሰው እንኳ ሳይጨርሱ ነጋዴውን አስያዙና በአገሩ ልማድ ጉማ ይክፈለኝ አሉ፤ ሰው በገደለ ላይ የሚፈረደውን ሙሉ የደም ካሳ። ሰውዬው ከብቱን ሁሉ ነድቶ ቢያመጣ አይበቃም፤ ልጆቹ ለልመና መውጣታቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተከራከሩ! ግማሾቹ መልክ ካላወጣ ሰው አይባልም አሉ፤ ግማሾቹ በሆድ ውስጥ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ይጣራ አሉ። በዕድሜው አንድ ሕፃን አጥቦ የማያውቅ ጢማም ሁሉ የማሕፀን ሊቅ ሆኖ ዋለ። እናቲቱን የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ያየ ሰው ይጠራ ተባለና እኔ ተጠራሁ።

«ልጄ፣ የሰው መልክ ነበረው?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

ነጋዴው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ያ ረቢ» እያለ አምላኩን ሲለምን ይሰማኛል። ጌታዬ ደግሞ፣ በይ ተናገሪ በሚል ዓይን ያዩኛል።

«አባቶቼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «የሚያውቁት ጌታዬ ናቸው። አምና የእሳቸውን ልጅ ፀንሼ መድኃኒት ሲያስጠጡኝ፣ ደም ነው ብለውኛል። የእመቤቴም በወር ከእኔው አይበልጥም። የእኔ ደም ከሆነ ይሄም ደም ነው። ይሄ ነፍስ ከሆነ ግን፣ ጌታዬም ጉማ አለባቸው።»

አንዱን ሽማግሌ ሳል ያዘው። ጌታዬ ፊታቸው አመድ መስሎ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬዋለሁ» አሉ። ጉባኤው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተነሥቶ መረቃቸው! ስለ ቸርነታቸው! የእኔን ነገር ያነሣ አልነበረም። ነጋዴው ብቻ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ።

ከዚያ ቤት እንደምባረር ስለማውቅ ልብሴን ልሸክፍ ገባሁ። እመቤቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ወሬው ቀድሞኛል። ይሰድቡኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ደም ነው አልሽ አሉ» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

«ለእነሱ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

«ለእኔስ?»

መደባቸው ሥር ተንበረከክሁ። «ጣቶች ነበሩት፣ እመቤቴ። ትንንሽ ጣቶች።»

ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«ያንቺስ?»

ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«የእኔም» አልኳቸው።