ቀዩ ጨርቅ እስኪፈታ

ዳሞዳራ ቻክያር ኀዘን ሠርቶ አዳሪ ነው። አናጢ ወንበር ይሠራል፤ እሱ በዐይኑ ኀዘን ይሠራል። በደቡብ ህንድ፣ በኒላ ወንዝ ዳር ባለው ቤተ መቅደስ በየዓመቱ፣ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ወንድሙን የሚያዝነውን ንጉሥ የሚጫወተው እሱ ነው። አጎቱም ይህንኑ ሲጫወት አርጅቷል። ዳሞዳራ አንዲት የጥንቱን የሳንስክሪት ቋንቋ ስንኝ ይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ በእጁና በዐይኑ ብቻ ምሽቱን ሙሉ ያብሰለስላታል። ዐይኑ ፍም እንዲመስል ከዐይኑ ቆብ ሥር ትንሽ የዕፅ ፍሬ ይሸጉጣል። እንባ ግን ክልክል ነው። ጥንታውያኑ ሊቃውንት እንዲህ ደነገጉ፦ ከንፈር ይድረቅ፣ ትንፋሽ ይርዘም፣ ትከሻ ይውደቅ፤ ኀዘኑን የሚያጣጥመው ተመልካቹ ነው። ተዋናዩ ካለቀሰማ ወጥ ሠሪው ድስቱን ጠርጎ በላው ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሲጽፉ ቤታቸው ውስጥ የታመመ ይኑር አይኑር አልነገሩንም።

የዳሞዳራ ታናሽ ወንድም ኢራቪ ግን ታሟል። ከወንዙ ማዶ፣ የሳንባ ሕመም ጠንቶበት፣ አንዴ ሰው እየለየ አንዴ መለየት እያቃተው ተኝቷል። የጨዋታው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሞዳራ የቤተ መቅደሱን አስተዳዳሪ፣ ሜኖንን፣ ለመነው።

«ጌታዬ፣ አንዴ አይቼው ልምጣ። ወንዙን መሻገር እኮ አፍታ ነው።»

«እዚያው እያለህ ቢሞትስ? ትረክሳለህ። የረከሰ ሰው ደግሞ ከዚህ በር አይገባም። ለአምላክ ምን ልናሳየው ነው፣ ባዶ መድረክ?»

ሕጉ ይህ ነው፤ ዘመድ የሞተበት ሰው ርኩስ ነው። ሕጉ ግን መውጫ ቀዳዳ አለው። ተዋናዩ ቀዩን ጨርቅ ግንባሩ ላይ ካሰረ በኋላ፣ ጨርቁ እስኪፈታ ድረስ የማንም ሞት አይነካውም። ይህን ያሰበ ሰው ዛሬ ቢኖር ጥሩ ጠበቃ ይወጣው ነበር።

«ስለዚህ ቶሎ እሰር» አለ ሜኖን፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። «ከዚያ በኋላ ቢሞት እንኳ ላንተ አልሞተም።»

«ለእሱስ?»

«ለማን?»

«ለኢራቪ ነዋ የምልዎት። ለእሱስ አልሞተም?»

«ሂድ ፊትህን ተቀባ!»

ጥሎ መሄድ ይችል ነበር እንዳትሉኝ። አንድ ዓመት ከጎደለ መድረኩ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል፤ የእህቱ ልጆች የሚበሉት ሩዝ ደግሞ ከዚያ መድረክ ነው የሚወጣው። ተቀመጠና ንጉሥ የሚቀባውን አረንጓዴ ቀለም ፊቱን ተቀባ።

ከበሮ መቺው ኩንጁኒ፣ አብሮ አደጉ፣ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ስማ አንተ፣ ያምናው ኀዘንህ ፊት ለፊቴ ስንቱን አስተኛብኝ። ማንኮራፋታቸው ከበሮዬን ዋጠው።»

«ያስተኛቸው ያንተ ከበሮ ነው። እናታቸው እንኳ እንዲህ አድርጋ አስተኝታቸው አታውቅም።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ ኢራቪ ይነሣል። ያ ደረቅ ለማን ታዞ ያውቃል ለሞት የሚታዘዝ?»

አልባሹ ቀዩን ጨርቅ አሰረለት፤ ቋጠሮውን ከኋላ አድርጎ ከባዱን ዘውድ ጫነበት። ያን ቋጠሮ ባለቤቱ ራሱ ሊፈታው አይችልም።

ስንኙ መሃል ላይ ሲደርስ የኢራቪ አማች በሩ ላይ ብቅ አለ። ጀልባ አልጠበቀም፤ እስከ ወገቡ ርሷል። ሜኖን ክንዱን ይዞ ወደ ምሰሶው ኋላ ጎተተው። ኩንጁኒ አያቸውና ከበሮውን ሳተ፤ ስቶ የማያውቅ ሰው።

ዕድሜውን ሙሉ ፊት ሲያነብ ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል? የዳሞዳራ እጅ ወደ ማጅራቱ ሄደ። ዘውዱን ነካ፣ ቋጠሮውን አጣው። አልባሹን አየው። አልባሹ ሜኖንን አየ። ሜኖን በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

ያኔ እንባው መጣ። አረንጓዴውን ቀለም እየሰነጠቀ እስከ አገጩ ወረደ።

«አበላሸው!» አሉ ፊት የተቀመጡት ሊቅ፣ ለጎረቤታቸው። «ያለቅሳል እኮ! አጎቱ ቢያይ ምን ይል ነበር?»

«እርጅና ነው ጌታዬ።»

«እርጅናስ ቢሆን! እንዲህ ያለውን ለቅሶ ገበያም አገኘዋለሁ።»

ሜኖን ስንኙን ማሳጠር ይችል ነበር። አላሳጠረም። ዳሞዳራ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሄደ፤ ከዚያ የመዝጊያው ሥርዓት፣ ከዚያ ስግደቱ።

ጨርቁ እንደተፈታ ሜኖን ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ ሰውየው አሁን ርኩስ ነዋ። «ወንድምህ አርፏል» አለው ከሩቅ። «በኋላው በር ውጣ፣ ምንም እንዳትነካ።»

ኩንጁኒ አሻገረው። ከኢራቪ ቤት በስተደቡብ የማንጎው ዛፍ ተቆርጧል፣ እንጨቱ ተከምሯል፣ እንደ አገሩ ልማድ አስከሬኑን የሚበላው እሳት ጣራ ያክላል። ዳሞዳራ ሊጠጋ ሞከረ፤ ወላፈኑ መለሰው። በሌላ በኩል ዞረ፤ እዚያም መለሰው።

«ፊቱን እንኳ ሳላይ?» አለ አማቹን። «ትንሽ አትቆዩኝም?»

«ልንቆይዎት ነበር ጋሼ፤ ልጠራዎት ነበር እኮ የመጣሁት። ‹መቼ እንደሚጨርስ አይታወቅም፣ አትጠብቁት› አሉኝ። ሜኖን ናቸው እንግዲህ። ምን ልበላቸው?»