ረጅሙ ክላክስ

ከሞጆ ወደ ዓለም ጤና ሲኬድ፣ አሮጌው አስፋልት ጠምዘዝ የሚልበት ቦታ ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ነው። ውሃ ሲያጠጡት አንዳንዴ የቤቴ መሠረት ድንጋይ ብቅ ይላል። ድንጋዩን አንድ በአንድ የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ግንበኛ አልቀጠርኩም።

በዚያ መንገድ እንደኔ ያለ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው አልነበረም። የጀመርኩት በአንድ በርሜል ውሃ ነው። ያኔ አውቶብሶቹ ራዲያተራቸው እየፈላ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ይቆሙ ነበር። እኔ ውሃ አቀረብኩ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ተሳፋሪው ሻይ ጠጣ፤ ከሻይ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ቢራ ተሻገርን። ማዕድ ቤቱ ሁለት ሆነ። የክርስቲያኑን ባለቤቴ፣ የሙስሊሙን ከወሎ የመጡ ጎረቤታችን ያዙ፤ ቢላዋቸው እንኳ ተቀላቅሎ አያውቅም።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና አውቶብስ ጀርባ ላይ ከሚጻፈው ነው። ያም ሆኖ የመንደሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

የክላክሱንም ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሾፌሮች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይነፋሉ። ሁለት አጭር ከሆነ አውቶብሱ ግማሽ ነው፤ አንድ ረጅም ከሆነ ሙሉ ነው። ባለቤቴ ያንን ሰምታ ታቀርባለች። ተሳፋሪው በርሜሉ ጋ እጁን ታጥቦ ሲገባ ትሪው ከነእንፋሎቱ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ፈጣኑ መንገድ ከኛ ራቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ በሽቦ ታጥሮ በማሳው ውስጥ ሊያልፍ ነው ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ።

«ያንተ ጽሑፍ ቢሮ ገብቶ ወድቆ አያውቅም። ለመንደራችን መውጫ ይሰጠን ብለህ ጻፍልን» አሉኝ።

«እኔ ለልመና ብዕር አላነሳም። ሾፌር የሚከተለው ሆዱን ነው» አልኩ።

ከመካከላቸው ሽንኩርት የሚያለማው ሽማግሌ ሳቀ። «ኦቦ፣ ሆድ መሪ አይጨብጥም እኮ!»

እኔም ሳቅኩ። ሌላ ጸሐፊ ሲያፈላልጉ ጊዜው አለፈ። ብጽፍ ይሰጡን ነበር ወይ? አላውቅም። አለመጻፌን ግን አውቃለሁ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

መንገዱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የረጅም ዘመን ደንበኛዬ የሆነው ሾፌር ምሳውን በልቶ ሲነሳ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ነገ እጠብቅሃለሁ።»

«አባባ፣ ነገማ በአዲሱ ነው የምሄደው። መውጫ የለውም።»

«አንተ መላ አታጣም።»

«ምን ላድርግ? አጥሩን ልዝለል?»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ረዳቱም፣ «አባባ፣ ትሪውን ይወርውሩልን፣ በመስኮት እንቀልባለን!» አለ። እኔ ግን ማዕድ ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ይመጣል» አልኳት። ቃሌን ተጠራጥራ አታውቅም። የወሎዋ ጎረቤታችን ግን መንገዱ በተከፈተ ቀን እሳት አላነደዱም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የባለቤቴን ነጠላ እንጨት ላይ አስሬ፣ ማሳውን አቋርጬ አጥሩ ሥር ቆምኩ። መኪናው እንደ ጥይት ያልፋል። አንድም ፊት አይለይም። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ካየኝ ዳር ይዞ ይቆማል፣ እኔም በሽቦው ቀዳዳ አነጋግረዋለሁ፣ ሰውም ወርዶ በእግሩ ይመጣል ብዬ አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያሰብኩት እኔ፣ በዚያ አገር አዋቂ የምባለው ሰው ነኝ።

አውቶብሱን በቀለሙ አወቅኩት። ነጠላውን አውለበለብኩ። አየኝ፤ እጁን አነሳ። ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም። አጠገቤ ሲደርስ ነፋ፣ አንድ ረጅም። እንደ ድሮው፣ ሙሉ ነው ማለቱ ነበር። ምናልባት ሰላምታ መሆኑ ነው። አቧራው እንኳ አልደረሰኝም፤ አዲስ አስፋልት አቧራ የለውም።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ነፋሱ ወደኛ ይነፍስ ስለነበር ክላክሱ ቤት ድረስ ተሰምቷል። በመስኮት ሳይ ጠረጴዛው ሁሉ ተሞልቷል፤ ትሪው ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ ይጨሳል። አንድ ወንበር ላይ እንኳ ሰው የለም።

የእግሬን ኮቴ ሰማች መሰለኝ፣ ከማዕድ ቤት ተጣራች።

«መጡ? ረጅም ነው የነፋው፣ ሰማሁት! እጃቸውን እየታጠቡ ነው?»

ለማንም መልስ አጥቼ አላውቅም። የማመልከቻውን ነገር ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

በርሜሉ ጋ ሄጄ ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው መሬት ላይ ሲወርድ እንድትሰማው ብዬ፣ በርሜሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ አልዘጋሁትም።